የሳልሳ ቲማቲም ዋጋ ለብቻው ይጻፍ

የቡናውንና የሰሊጡን ጉዳይ ለነገ አቆይቼዋለሁ፤ የሰሊጥ ነጋዴዎች ትንሽ ታገሱኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ቲማቲም ነው፣ ከቲማቲምም ስለ ፒዛ ሳልሳ። አትሳቁ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሳጥኑ ዋጋ ላይ ነው።

እኛም ሆንን ሌሎች ቻናሎች የቲማቲምን ዋጋ የምንጽፈው በአንድ መስመር ነው። «ቲማቲም፣ በኪሎ ይህን ያህል።» አለቀ። ቡና ደረጃ አለው፣ የታጠበ ያልታጠበ አለው፣ የመጣበት አካባቢ አለው። ሽንኩርት እንኳ የሐበሻውና የሱዳኑ ለየብቻ ይጻፋል። ቲማቲም ላይ ስንደርስ ግን ሁሉንም ጠቅልለን አንድ ቁጥር እንሰጠዋለን። እኔ የምለው፣ በዚያች አንዲት መስመር ውስጥ ሁለት ዕቃ አለ። አንዱ የሰላጣ ቲማቲም ነው። ሁለተኛው የወጥ፣ የስልስ፣ የሳልሳ ቲማቲም ነው። ገዢያቸው ይለያያል፣ የሚሸጡበት ሰዓት ይለያያል፣ ዋጋቸውም ይለያያል። የሁለተኛው ዋጋ የትም ስለማይጻፍ ገበሬውም ዩኒየኑም የሚጎዱት እዚያ ላይ ነው።

መርካቶ ውስጥ በአንድ ሳጥን ቲማቲም ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሆነውን ተመልከቱ። ትልቁ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ አዲስ ከተማ ላለው ቸርቻሪ መንገዱ ረዝሟል። ቲማቲሙ ከመቂ ወይም ከባቱ በአይሱዙ ይመጣል፣ ኃይሌ ጋርመንት ይራገፋል፣ እንደገና ይጫናል፣ መርካቶ ይራገፋል። ሳጥኑ የእንጨት ነው። ከታች ያለው ፍሬ የላይኛውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ስንጥሩና ሚስማሩ ደግሞ ቆዳውን ይወጋዋል። ጠዋት ጠንካራው፣ ገና ግማሹ የቀላው ተለቅሞ ይሄዳል፤ ለሰላጣ፣ ለሆቴል፣ ሦስት አራት ቀን ቤት ለሚያቆየው። ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ሙሉ በሙሉ የቀላው፣ በጣት ሲነኩት ገባ የሚለው ነው። እሱ ጉልት ላይ በመደብ ይሆናል። ሲመሽ ደግሞ «ውሰጂው በቃ» የሚባልበት ዋጋ ላይ ይደርሳል።

እንግዲህ ለሳልሳ የሚፈለገው ይሄኛው ነው። ሙሉ የቀላ፣ የበሰለ፣ ለስላሳ። ጠዋት በውድ የሄደው ግማሽ አረንጓዴ ቲማቲም ድስት ውስጥ ቢገባ የሚሰጠው ኮምጣጣና የገረጣ ነገር ነው። ሰላጣ ላይ ዋጋ የሚያስቀንሰው መለስለስ ድስት ውስጥ ሥራ ያቀላል።

ኪሳራውን ማን ነው የሚሸከመው? ብዙ ጊዜ ላኪው ነው። ሳጥኑ ሲራገፍ «ለስልሷል» ተብሎ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ስንት ይቀነስ የሚለውን የሚወስነው እዚያ ቆሞ ያየው ደላላ ነው። መቂ ያለው ገበሬ በስልክ ምን ብሎ ይከራከራል? «የለሰለሰ ዛሬ መርካቶ በዚህ ዋጋ ነው የዋለው» የሚልበት ቁጥር የለውም። የጠንካራው ዋጋ ቻናሉ ላይ አለ፤ የለሰለሰው ግን በደላላው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ፒዛው ልምጣ። ቃሉን አስቀድመን እናጥራ፣ አለበለዚያ እንምታታለን። ሳልሳ በጣልያንኛ ማንኛውም ማባያ፣ መረቅ ነገር ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ቃሉ ለሁለት ተከፈለ፤ «ሳልሳ» የጣሳው ወፍራም ድልህ ሆነ፣ ቤት ውስጥ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የሚቁላላው ደግሞ «ስልስ» ሆኖ ቀረ። (መርካቶ የሚለው ስምም ያው ከዚያው ከጣልያን ዘመን የቀረ ነው፤ የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንስተው እዚህ ያመጡት እነሱ ናቸው።) በዚህ ጽሑፍ «የጣሳ ሳልሳ» ስል ድልሁን ነው፣ «የፒዛ ሳልሳ» ስል ሊጡ ላይ የሚቀባውን ነው።

እኔ የማውቃቸው ፒዛ ቤቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በጣሳ ሳልሳ ነው። ጣሳውን ከፍተው በውሃ ያቀጥኑታል፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ይጨምሩበታል፣ ያልቃል። በፍስኩ ቀን ችግር የለውም፣ አይቡ ሁሉን ይሸፍነዋል። በጾም ቀን ግን ተመልከቱ። የጾም ፒዛ አይብ የለውም። ሊጥ፣ ሳልሳ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ ድንች ነው። ጣዕሙ በሙሉ ሳልሳው ላይ ነው የቆመው፤ መጠኑም ይጨምራል። ምእመኑ የሚጾመው በዓመት ወደ 180 ቀን ይጠጋል ይባላል፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴው ብቻውን 55 ቀን ነው። ይህ ቀላል ገበያ አይደለም። ዓርብ ማታ የአዲስ አበባ ፒዛ ቤት ገብታችሁ ሰው የሚያዘውን ብታዩ ይገባችኋል።

ሒሳቡን እንሥራ። ቲማቲም ከመቶ 94 ወይም 95 እጁ ውሃ ነው። ፋብሪካዎች ጥንካሬውን በብሪክስ ይለካሉ፤ ትኩሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ብሪክስ ነው፤ ጣሳው ላይ «28-30%» ተብሎ የተጻፈበት ሳልሳ ደግሞ ቢያንስ 28 ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ የጣሳ ሳልሳ ለማውጣት ወደ 6 ኪሎ ቲማቲም ይገባል። ቤት ውስጥ ሲሆን ልጣጩ፣ ፍሬው፣ የተበላሸው ቦታ ስለሚወጣ 7 ብለን እንያዘው። ጣሳ ስትገዙም ጽሑፉን አንብቡ። 22-24 የሚል ከሆነ 28 ካለው ጋር አንድ ዕቃ አይደለም። ስታርች ተጨምሮበት እንደሆነም እዩ። ጥርጣሬ ካላችሁ በውሃ አቅጥናችሁ አንድ ጠብታ አዮዲን ጣል አድርጉበት፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ የገዛችሁት ስታርችም ጭምር ነው።

ለፒዛ ግን ያን ያህል ውፍረት አያስፈልግም። 12 ብሪክስ አካባቢ ይበቃል። 1 ኪሎ ባለ 28 ሳልሳ በውሃ ሲቀጥን 2 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል የፒዛ ሳልሳ ይሆናል። 7 ኪሎ የለሰለሰ ቲማቲም ተጣርቶ ሲበስልም የሚወጣው ያው ነው። ልዩነቱ ጉልበቱና መብራቱ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ፈልቶ እንዲተን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ለ7 ኪሎ ቲማቲም ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ ማትነን አለብን፤ ማሞቂያውና የምድጃው ብክነት ሲታሰብ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። በእኛ አገር የመብራት ታሪፍ ይህ የሚያስፈራ ወጪ አይደለም። ጋዝ ወይም ከሰል ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፣ ለየብቻ አስሉት።

ከዚህ የወጣች አንዲት ቀላል ቀመር አለችኝ፦ የጣሳ ሳልሳውን የኪሎ ዋጋ ለ8 አካፍሉ። ሰባቱ ለቲማቲሙ፣ ስምንተኛው ለመብራትና ለጉልበት። የለሰለሰ ቲማቲም ከዚያ ቁጥር በታች ከተሸጠ፣ ጣሳ መክፈት ኪሳራ ነው፤ ትኩሱን ማብሰል ያዋጣል። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ የጣሳው ሳልሳ በኪሎ 480 ብር ነው እንበል፤ ይህ የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለማካፈል ስለሚመች ነው የወሰድኩት። ለ8 ሲካፈል 60 ብር ይመጣል። የለሰለሰው በመደብ ሲመነዘር በኪሎ 35 ብር ከዋለ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ 25 ብር መንገድ ላይ ወድቋል፣ የሚያነሳው ጠፍቶ። ጣሳውን ስታሰሉ በተጣራ ክብደቱ አስሉት፤ ባለ 70 ግራሟ ትንሿ ወደ ኪሎ ስትለወጥ ከትልቁ ጣሳ ትወደዳለች።

ነጋዴዎች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከውጭ የሚገባው የጣሳ ሳልሳ ዋጋው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ሲተመን አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። በዚህች ቀመር መሠረት የለሰለሰው ቲማቲም ወለልም አብሮ ከፍ ማለት ነበረበት፣ ምክንያቱም ተተኪው ዕቃ ተወዷል። ግን ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የለም፤ ያልተጻፈ ዋጋ ላይ ደግሞ ማንም አይደራደርም።

«በወረቀት ሁሉም ያዋጣል» ትሉኝ ይሆናል። ስለዚህ ሠርቼ መዘንኩት። ከመርካቶ ጉልት ከሰዓት በኋላ 7 ኪሎ የለሰለሰ ገዛሁ፤ የሻገተውንና የጠቆረውን አውጥቼ ጣልኩ። የሻገተ ቲማቲም ለሳልሳ ይሆናል የሚለውን አትስሙ፤ የለሰለሰና የበሰበሰ የተለያዩ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰፊ ድስት ይሻላል፤ ጠባብና ረጅም ድስት ውሃውን ይዞ ያቆየዋል፣ ለሁለት ብትከፍሉት የተሻለ። አሉሚኒየም አልወድም፣ የቲማቲም አሲድ ብረቱን ይነካዋል፤ ስቴንለስ ስቲል ይሁን። ቲማቲሙን ሁሉ ቆርጣችሁ አታስቀምጡ። ቲማቲም ሲቆረጥ ፔክቲኑን የሚሰባብር ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል፤ ቆይቶ የተቀቀለ እንደሆነ ሳልሳው ይቀጥናል፣ ውሃው ለብቻው ይለያል። ፋብሪካዎች የተፈጨውን ወዲያው ከ85 ዲግሪ በላይ የሚያሞቁት ይህን ለማስቆም ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ይደረጋል፦ ድስቱ ይጋላል፣ አራት አምስት ፍሬ ቆረጥ ተደርጎ ይገባና በጭልፋ ይጨፈለቃል፣ ሲፈላ ሌላ አራት አምስት ይጨመራል፣ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው። ሁልጊዜ የሚፈላ ነገር ላይ ነው የሚጨመረው።

7 ኪሎ ቲማቲም አንድ በአንድ በፈላ ውሃ እየነከሩ መላጥ ለትዕግሥተኛ ሰው ነው። እኔ ከነልጣጩ ለ15 ደቂቃ አፍልቼ በወንፊት አሳለፍኩት፤ ልጣጩና ፍሬው ወንፊቱ ላይ ቀረ። ፍሬው ዙሪያ ያለውን ውሃ መሰል ነገር አትድፉት። የቲማቲም ጣዕም፣ ያ ሥጋ ሥጋ የሚለው፣ ከሥጋው ክፍል ይልቅ በብዛት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለጾም ፒዛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ የተጣራውን ሳይከደን ማትነን ነው። መጨረሻ አካባቢ መያዝ ስለሚጀምር ከሥር እያማሰሉ። ማብቃቱን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ሰሐን ላይ አድርጉና ጠብቁ፤ ዙሪያውን ውሃ ከለቀቀ ገና ነው፣ ካልለቀቀ በቅቷል። በእኔ ሁለት ድስት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ፈጀ። ሲመዘን 2 ኪሎ ከ400 ግራም። ለአንድ መካከለኛ ፒዛ 100 ግራም ብትቀቡ 24 ፒዛ ማለት ነው።

ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ከጨመራችሁ ሲተን ጨዉ ይጎላል። ዘይት አሙቁና 4 ፍንካች የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ሳይጠቁር ሽታው እስኪወጣ አቁላሉት፣ ሳልሳው ላይ ገልብጡት። ስኳር የሚያስፈልገው ያልበሰለ ቲማቲም ለሚሠራ ሰው ነው። ባዚል ካጣችሁ ጥቂት ለጋ የበሶብላ ቅጠል አለን፤ ዘመዱ ነው፣ ኃይሉ ግን በረታ ስለሚል እጃችሁን ያዝ አድርጉ። ጦስኝም ይሆናል።

ናፖሊ ውስጥ ሳልሳውን ሳያበስሉ ነው የሚቀቡት የሚል ካለ እውነቱን ነው። እነሱ ግን ሥጋማ የሆነ ሳን ማርዛኖ የሚባል ቲማቲም አላቸው፣ ምድጃቸው ደግሞ ከ430 ዲግሪ በላይ ነው፤ ፒዛው በአንድ ደቂቃ ተኩል ይወጣል። በእኛ 250 ዲግሪ የኤሌክትሪክ ፉርኖ ላይ ያልበሰለ የመቂ ቲማቲም ብትቀቡ ሊጡ ይረጥባል፣ የምትበሉት ፍትፍት ይሆናል።

ይህ ወደ ዝርያው ይወስደኛል፤ ገበሬዎችና ዩኒየኖች እዚህ ጋ ነው የምፈልጋችሁ። አሁን ገበያውን የያዙት እንደ ጋሊሊያና ሻንቲ ያሉ ድቅል ዝርያዎች ናቸው። ቆዳቸው ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ናቸው፣ መንገድ ይችላሉ፣ ምርታቸውም ጥሩ ነው። ገበሬው ቢመርጣቸው አልፈርድበትም፤ ያለው አንድ ዋጋ ነው፣ ያ ዋጋ ደግሞ ጥንካሬን ነው የሚከፍለው። ግን መልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ዝርያዎች ስም አስታውሱ። አንዱ መልካሳልሳ ነው የሚባለው! ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ፍሬው ትንሽ ነው፣ የተዘጋጀው ለማቀነባበሪያ ነው። መልካሾላም እንዲሁ። ዘራቸው ድቅል ስላልሆነ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዘር መግዛት አያስፈልግም። ገበያ ላይ «የሳልሳ ቲማቲም» የሚባል ዋጋ በሌለበት ግን ማን ይዘራቸዋል? ትንሽ ፍሬ ሳጥን ውስጥ ከትልቁ ጎን ሲቀርብ «ይሄማ ኳስ ነው እንዴ» ተብሎ ይጣላል።

ቀጥሎ የወቅቱ ጉዳይ። የቲማቲም ዋጋ በዓመቱ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በበጋው የመስኖ ቲማቲም ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከቆቃ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከፎገራና ከራያ ቆቦ ሲገባ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ዋግ ማሳውን ይመታል፣ መንገዱ ይበላሻል፣ ዋጋው ይወጣል። ጾሞቹን ከዚህ ጋር አስተያዩአቸው። ሁዳዴ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ቲማቲም በብዛት ካለበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ፍልሰታ ግን ነሐሴ 1 ይገባል፤ ዝናቡ በበረታበት፣ ቲማቲም በተወደደበት። የፒዛ ቤት ፍላጎት በሁለቱም ጊዜ አለ፤ አቅርቦቱ ግን አንድ ጊዜ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሌላ ጊዜ ይጠፋል። በመጋቢት የተቀቀለ ሳልሳ ለነሐሴ ቢቀመጥ ልዩነቱ የማን ነው? እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ ይህን ጥያቄ በጤፍ ላይ ቢጠየቅ ሳያስብ ይመልሰዋል።

ማስቀመጥ ሲባል ግን ጥንቃቄ አለው፤ በዚህ አልቀልድም። ቲማቲም አሲድ አለው ይባላል እንጂ አንዳንዱ በጣም የበሰለ ቲማቲም ፒኤቹ ከ4.6 ያልፋል። ከዚያ በላይ ሲሆን በታሸገ ዕቃ ውስጥ ቦቱሊዝምን የሚያመጣው ገዳይ መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ ሽታም ጣዕምም ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ በጠርሙስ የምታሽጉ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ፣ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ግዴታ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ቲማቲም፣ አሲዱና ጨው ብቻ ይግባ፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ዘይቱን ፒዛው በሚሠራበት ቀን ጨምሩ። ከዚያ ጠርሙሱ ከነክዳኑ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከታች አገር የተጻፈ ደቂቃ እዚህ አይሠራም። ከ1 ሺህ 800 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ለግማሽ ሊትር 50፣ ለአንድ ሊትር 55 ደቂቃ ነው የሚባለው። ይህን ሁሉ አልችልም ያለ ሰው በረዶ ቤት ያስቀምጥ፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ግን አስቡበት።

አሁን «ታዲያ ፋብሪካ ይሠራ!» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። በየስብሰባው የሚባል ነው። ናይጄሪያን እዩ። ዳንጎቴ በ2016 እ.ኤ.አ. ካኖ አቅራቢያ ትልቅ የቲማቲም ማቀነባበሪያ ከፍቶ ነበር፤ በወራት ውስጥ ሥራ አቆመ። ማሽኑ አልነበረም ችግሩ፤ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ማሳውን ስለበላው የሚገባ ቲማቲም ጠፋ፣ ያለውም ለትኩስ ገበያ በተሻለ ዋጋ ተሸጠ። ይኸው ትል እኛ ጋ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በዓመቱ ናይጄሪያ ከውጭ በሚገባው ድልህ ላይ ቀረጡን ወደ 50 በመቶ ከፍ አድርጋ በቶን 1,500 ዶላር ጨመረችበት። እኛ ጋ ሁላችን ቆርቆሮውን እያየን ያደግነው መርቲ ደግሞ፣ የላይኛው አዋሽ አግሮ ኢንዱስትሪ ማለቴ ነው፣ የተሠራው የራሱን እርሻ ይዞ ነው። ከክፍት ገበያ ለሚገዛ ፋብሪካ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «የሳልሳ ቲማቲም በዓመት ውስጥ በስንት ዋጋ፣ በስንት መጠን ይገኛል?» ነው። ዛሬ ይህን የሚመልስ አንድ ገጽ ወረቀት የለንም። በጠንካራው ቲማቲም ዋጋ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ የፋብሪካ ጥናት ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ነው።

እኔ ከፋብሪካው በፊት ትንሹን ነገር ነው የምፈልገው። እንደ መቂ ባቱ ያሉ ዩኒየኖች ሲለቅሙ በሁለት ይለዩ፤ ሙሉ የቀላው በጥልቅ የእንጨት ሳጥን መሄዱ ቀርቶ ዝቅ ባለ የፕላስቲክ ሳጥን ይጫን፣ ማለዳ ተለቅሞ በዚያው ቀን ይድረስ። ገዢው ደግሞ ጉልቱ ብቻ አይሁን፤ ፒዛ ቤቶች፣ ፓስታ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ምግብ አቅራቢዎች በሳምንት ሁለት ቀን በውል ይውሰዱት። ወደ ጅቡቲ የምትልኩም ብትሆኑ፣ ስትጭኑ «መንገድ አይችልም» ብላችሁ የምታወጡት ቀይ ቲማቲም ይኸው ነው፤ ለእሱ ገዢ ካለ ጠንካራውን የምትገዙበት ዋጋ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ታገኛላችሁ።

አንድ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ይህን ሐሳብ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ የለሰለሰውን ዋጋ ከጻፍክ፣ ነገ ጠዋት ሁሉም ገዢ የእኔን ሳጥን የለሰለሰ ነው ይለኛል» አለኝ። ክርክሩ ክርክር ነው፣ አልንቀውም። ዋጋ ሲጻፍ ገዢ ወደ ዝቅተኛው ለመጎተት ይሞክራል። ግን ይህ ዛሬም እየሆነ ነው፤ ያውም ያለ ቁጥር፣ አንዱ ወገን ብቻ በሚያውቀው ዋጋ። ቡና ላይ ደረጃ ሲወጣ ዝቅተኛው ደረጃ ከፍተኛውን አልጎተተውም፤ ከፍተኛው ከፍተኛ መሆኑ ታወቀለት እንጂ። ለቲማቲም መለያው ደግሞ ቡና ያህል አይከብድም፣ ቀማሽ አይፈልግም። ሙሉ ቀይ ከሆነና በጣት ሲጫኑት ከገባ የሳልሳ ነው። ቆዳው ተፈንድቶ ከፈሰሰ ወይም ከሻገተ ሁለቱም ውስጥ አይገባም፣ ይጣላል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የቲማቲም ዋጋ የምትልኩልን ሁሉ በሁለት መስመር ላኩልን። የመጀመሪያው የጠንካራው ዋጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው የለሰለሰው ዋጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። ቦታውን ጻፉ፦ ኃይሌ ጋርመንት፣ መርካቶ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ቆቦ፣ ወረታ፣ የትም ይሁን። በመደብ ከሆነ አንድ መደብ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ጨምሩበት፤ መደብ ከጉልት ጉልት ይለያያል። ሳጥን ከሆነም ባዶ ሳጥኑ ስንት እንደሚመዝን። ፒዛ ቤት ያላችሁ ደግሞ በሳምንት ስንት ኪሎ የጣሳ ሳልሳ እንደምትከፍቱና በስንት እንደገዛችሁት ላኩልን፤ ስም አንጽፍም። ለ8 ማካፈሉን እኛ እንሠራለን፤ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ቅዳሜ ማታ ይለጠፋል።